ከሜዳ ውጭ የሚካሄደው ጨዋታ፦ ስለ «ኤል ፕሬዚደንቴ»

በ2020 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአማዞን ፕራይም መታየት የጀመረው «ኤል ፕሬዚደንቴ» ስለ እግር ኳስ የተሠራ ተከታታይ ድራማ ቢሆንም፣ ዋናው ጉዳይ የሚያልቀው በሆቴል ክፍልና በምሳ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። ባለታሪኩ ሰርሂዮ ሃዱዌ ላ ካሌራ በምትባል ትንሽ የቺሊ ከተማ የሚገኝ ክለብ ይመራ የነበረ፣ በ2011 የአገሪቱ እግር ኳስ ማኅበር ፕሬዚዳንት ለመሆን የበቃ፣ በእውን ያለ ሰው ነው።

ሙስናው የሚሠራበት መንገድ ለመረዳት አስቸጋሪ አይደለም። የእግር ኳስ ውድድሮችን የቴሌቪዥን መብት የሚገዛው አገናኝ ኩባንያ ውሉን የሚፈርሙትን የፌዴሬሽን ፕሬዚዳንቶች በጉቦ ይይዛል፤ መብቱን መልሶ ለጣቢያዎች ሲሸጥ ደግሞ ያወጣውን ከነትርፉ ይመልሳል። የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ በ2015 ይፋ ባደረገው ክስ መሠረት፣ ከኮፓ አሜሪካ (የደቡብ አሜሪካ አገሮች ዋንጫ) ውድድሮች ጋር በተያያዘ ለመክፈል የተስማሙበት ጉቦ 110 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት ወር የስዊዘርላንድ ፖሊስ ዙሪክ ላይ የፊፋ ባለሥልጣናትን ያዘ፤ ቺሊ በሐምሌ ወር አርጀንቲናን በመለያ ምት አሸንፋ በሜዳዋ የኮፓ አሜሪካን ዋንጫ አነሳች፤ ሃዱዌም በኅዳር ሥልጣኑን ለቅቆ ወደ ማያሚ ካቀና በኋላ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ጥፋተኛነቱን አመነ።

ታሪኩን የሚተርከው በ2014 የሞተው የአርጀንቲናው የእግር ኳስ ሹም ሁሊዮ ግሮንዶና ነው። ይህ የሟች ተረብ ለድራማው ጨው ይሆንለታል፤ ሆኖም ተመልካቹ ከሌቦቹ ጋር አብሮ እየሳቀ የተዘረፈውን እንዲረሳ ስለሚያደርግ፣ እኔ በበኩሌ ጥቂት ቢቀነስ እመርጥ ነበር።

ወደ ዣዎ አቬላንዥ ዘመን የሚመለሰው የ2022ቱ ሁለተኛ ምዕራፍ ለእኛ ይበልጥ ይቀርበናል። ብራዚላዊው አቬላንዥ በ1974 ፍራንክፈርት ላይ የወቅቱን ፕሬዚዳንት እንግሊዛዊውን ስታንሊ ሩስን አሸንፎ ፊፋን ሲይዝ፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (ካፍን) ይመሩ የነበሩት የእኛው ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ያንን ምርጫ ቃል እየገቡ ድምፅ የመሰብሰብ ብልጠት አድርጎ ብቻ ማየት የአፍሪካን ድርሻ ማሳነስ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም አፍሪካውያን ለዓለም ዋንጫ ቀጥተኛ ቦታ በመነፈጋቸው ከ1966ቱ ውድድር ራሳቸውን እስከ ማግለል የደረሱ፣ ሩስም ለአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ያሳዩ የነበረው ርኅራኄ ያስቆጣቸው ስለነበሩ፣ ድምፃቸውን የሰጡት የራሳቸውን ጥያቄ ይዘው ነው። ደቡብ አፍሪካ በ1976 ከፊፋ ተባረረች። የዓለም ዋንጫውም በ1982 ከ16 ወደ 24 ቡድን አደገ፤ ከተጨመሩት ስምንት ቦታዎች ለአፍሪካ የደረሳት ግን አንድ ብቻ ነበር።