ስልኬ ያልቆጠረው የሐረር አቀበት

ሐረር የሄድኩት ለቅሶ ለመድረስ ነበር። ለቅሶ ቤት ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ነው የሚዋለው፤ ምግቡም አይቋረጥም። የደም ስኳሬ ከፍ ካለ ወዲህ ግን የጠዋት የእግር ጉዞዬን የትም ብሄድ አልተውም። በሁለተኛው ቀን በማለዳ ተነስቼ በግንብ የታጠረችው አሮጌ ከተማ፣ ጀጎል ገባሁ።

ከፈረስ መጋላ አደባባይ «መኪና ግርግር» በሚባለው መንገድ ወደ ጊዲር መጋላ ገበያ ወረድኩ። መንገዱ ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። ልብስ ሰፊዎቹ ገና በራቸውን እየከፈቱ ነበር። አንድ አዛውንት ብቻ ቀድመው ሥራ ጀምረዋል፤ ዓይናቸው መርፌው ላይ፣ እግራቸው መርገጫው ላይ።

ቁልቁለቱ ምንም አልመሰለኝም። ስመለስ ግን ላብ አጠመቀኝ፣ ትንፋሼም ቁርጥ ቁርጥ አለ። ስልኬን አውጥቼ ሳየው ለመውረዱም ለመውጣቱም የመዘገበው ካሎሪ እኩል ነው! እርምጃዬን ይቆጥራል እንጂ ዳገቱን አያውቅም።

ለቅሶ ቤት ስመለስ ወረቀት ይዤ ራሴ አሰላሁት። ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት መለኪያ ሜት ይባላል። 1 ሜት ማለት ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው የሚያወጣው ጉልበት ነው፤ በሰዓት ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 1 ካሎሪ ገደማ። በሜዳ ላይ በሰዓት 4.8 ኪሎ ሜትር መራመድ 3.3 ሜት ይሆናል። እኔ 70 ኪሎ ነኝ፤ ስለዚህ በሰዓት 231 ካሎሪ። ከዚህ ላይ ተቀምጬም ቢሆን የማቃጥለው 70 አለ፤ ከመራመዴ የተገኘው 161 ብቻ ነው። ይህን ቅነሳ ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ ከዚያ «አቃጥያለሁ» ብሎ ምግብ ይጨምራል።

አቀበቱስ? በየ10 ሜትሩ 1 ሜትር ከፍ በሚል መንገድ፣ ፍጥነቱ ሳይቀንስ፣ ስሌቱ ወደ 7.4 ሜት ይወጣል። 518 ካሎሪ በሰዓት፤ ከሜዳው ከእጥፍ በላይ! እርግጥ ዳገት ላይ ማንም ይዘገያል፣ ስለዚህ ቁጥሩ ግምት ነው። በእጅ የሚታሰሩት ሰዓቶችም ቢሆኑ የልብ ምትን ደህና ይለካሉ፣ ካሎሪ ላይ ግን በብዙ ይሳሳታሉ።

በሦስተኛው ቀን እዚያው አቀበት ላይ እንጨት የተሸከሙ እናት አገኘሁ። ገመዱ ግንባራቸው ላይ መስመር አውጥቷል። «እናቴ፣ ትንሽ አውርደው አይረፉም?» አልኳቸው።

«ካወረድኩት ማን ያነሳልኛል ልጄ?» አሉኝ።

አብሬያቸው በእሳቸው እርምጃ ወጣሁ። ሸክሙም እንደ ክብደት ይደመራል፤ ከእኔ ይልቅ ስንት እጥፍ እየደከሙ እንደሆነ ሳስብ አንጀቴ ተላወሰ። ፈረስ መጋላ ስንደርስ እንጨቱን ተቀብዬ እስከ ደጃቸው አደረስኩላቸው። ለሐኪሜ በምይዘው ደብተር ላይ የዚያን ቀን «አቀበት፣ ከሸክም ጋር» ብዬ ለብቻው ጻፍኩ።