ለወሎው ሐይቅ የቱ ጀልባ ይሻላል፦ ፋይበሩ ወይስ አሉሚኒየሙ?

ሁለቱም 4.8 ሜትር ይረዝማሉ፤ ሁለቱም ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ፎር ስትሮክ ሞተር አላቸው፤ አንዱ ፋይበር ግላስ፣ ሌላው አሉሚኒየም ነው። ለሐይቅ ከሆነ አሉሚኒየሙን ውሰዱ። ምክንያቱ ከፍታው ነው።

ወሎ ያለው ሐይቅ የተባለው ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,900 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። 40 የተባለው ሞተር እዚህ 32 ያህል ሆኖ ነው የሚሠራው። እንደምረው፦ አራት ሰው 280 ኪሎ፣ ሞተሩ 100፣ ቤንዚኑ 20። የአሉሚኒየሙ አካል 250 ቢሆን ጠቅላላው 650፣ የፋይበሩ 400 ቢሆን 800 ኪሎ ይመጣል። ለአንድ ፈረስ ጉልበት አሉሚኒየሙ 20፣ ፋይበሩ 25 ኪሎ ደረሰው ማለት ነው። ፋይበሩ ጅቡቲ ባሕር ላይ ቢሞከር እሱም 20 ነበር፤ እዚያ ቀልጠፍ ያለው ጀልባ ሐይቅ ላይ አፍንጫውን ሰቅሎ ውሃውን ሲያርስ የሚውለው ለዚህ ነው።

ለፋይበሩም ፍርድ መስጠት ይገባል። ሆዱ ስለታም ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉን ይሰነጥቃል፤ አሉሚኒየሙ ግን ወገብ ይመታል። ሁልጊዜ ሁለት ሰው ብቻ የሚጭን ቢመርጠው አልቃወምም።

የትኛውንም ብትገዙ ፕሮፔለሩን ሳትነኩ አትንዱ። የተለመደውን ጭነት ጭናችሁ ሙሉ ጋዝ ስጡትና ዙሩን ተመልከቱ። የብዙዎቹ ሞተሮች ልክ በደቂቃ ከ5,000 እስከ 6,000 ነው። 4,600 ላይ ከቆመ ሞተሩ ታፍኗል፤ እንዲህ እየተነዳ ከከረመ ይጎዳል። ፒቹ፣ ማለትም ፕሮፔለሩ በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋው ርቀት፣ በ1 ኢንች ሲቀንስ ዙሩ 200 ያህል ይጨምራል፤ ስለዚህ 13 የነበረውን በ11 ቀይሩት። ካርብራተር ያለው ከሆነ ደግሞ ቤንዚን ስለሚበዛበት ካንዴላው ይጠቁራል፤ አነስ ያለ ጅግለር (ቤንዚኑ የሚያልፍበት ቀዳዳ) ይፈልጋል። ኢንጀክሽን ያለው ድብልቁን ራሱ ያስተካክላል፤ የጠፋውን ጉልበት ግን አይመልስም።

ያገለገለ ስትገዙ የፋይበሩን የኋላ ግድግዳ፣ ሞተሩ የሚታሰርበትን ማለት ነው፣ በመዶሻ እጀታ ቆርቆር አድርጉት። ጥርት ያለ ድምፅ ደህና ነው፤ የታፈነ ከሆነ ውስጡ ያለው እንጨት በስብሷል፤ ተዉት። አሉሚኒየሙን ተጎታቹ ላይ እንዳለ ውስጡን ጥቂት ውሃ ሙሉበትና ከሥር እዩ፤ የሚያንጠባጥበውን ሪቬት (ቆርቆሮውን የሚያያይዘውን ምስማር) በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ጥቂት ሪቬት ቢያፈስ ይጠገናል።

የማርሽ ዘይቱንም ትንሽ አፍስሱ። ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ውሃ ገብቷል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዓሣ መረብ ክር ነው፤ ከፕሮፔለሩ ጀርባ ዘንጉ ላይ ይጠመጠምና ውሃ እንዳይገባ የሚከለክለውን ጎማ ይቆርጠዋል። መረብ በሚጣልበት ዳርቻ የምትነዱ ከሆነ ፕሮፔለሩን በየጊዜው ፈትታችሁ ክሩን አውጡ።

ጀልባው ከባሕር የመጣ ከሆነ ሞተሩ በዝገት እንዳይበላ በምትኩ እንዲበላ የታሰረውን የዚንክ ቁራጭ በማግኒዥየም ወይም በአሉሚኒየም ለውጡ። ዚንኩ በጨው አልባ ውሃ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ያወጣና መበላቱን ያቆማል፤ ያኔ ዝገቱ ወደ ሞተሩ አካል ይዞራል።