የጀልባ ሞተሬን ከመቀባቴ በፊት ነጩን ዝገት እንዴት እንዳጸዳሁት

ጀልባዬ የምትቆመው ሜሪላንድ፣ ቼሳፒክ ቤይ ላይ ነው። ውሃው የባህርና የወንዝ ድብልቅ ነው። ጨዉ እንደ ውቅያኖስ ባይበረታም አልሙኒየም ለመብላት አያንስም። ብርዱ ሲገባ ከውሃ ሳወጣት የሞተሩ የታችኛው ክፍል፣ ፕሮፔለሩ የሚታሰርበት እግር ማለቴ ነው፣ ቀለሙ እዚህም እዚያም አብጦ ነበር። በጥፍሬ ነካ ሳደርገው ተቀርፎ ወደቀ። ከስሩ ነጭ ዱቄት።

ዝገት ሲባል ቀይ ነገር የሚጠብቅ ብዙ ነው። የአልሙኒየም ግን ነጭ ነው። ጨዉ ቀለሙ በተጫረበት በኩል ይገባና ውስጥ ለውስጥ ይሄዳል፤ ከላይ የሳንቲም ያህል የምታየው እብጠት ከስሩ መዳፍ ሊያክል ይችላል።

ፕሮፔለሩንና አኖዶቹን ፈታሁ። (አኖድ በሞተሩ ፋንታ እንዲበላ ተብሎ የሚታሰር ቁራጭ ነው።) ከዚያ ምንም ሳልፍቅ በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግሜ አጠብኩት። ይቺን ብዙ ሰው ይዘላታል። ጨዉ ሳይወጣ ብርጭቆ ወረቀት ካስነካኸው እኮ ጨዉን መልሰህ ብረቱ ውስጥ እያሸኸው ነው።

ጋራዥ የሚሠራ ጓደኛዬ «የሽቦ ብሩሽ ድሪል ላይ አስረህ ገላገለው» አለኝ። ለመኪና ሻንሲ ይሆናል። እዚህ ግን የተራ ብረት ብናኝ አልሙኒየሙ ላይ ተሰክቶ ይቀርና ከአዲሱ ቀለም ስር እንደገና ዝገት ይጀምራል። እኔ ብረት ነክቶ የማያውቅ አዲስ የስቴንለስ ብሩሽ ገዛሁ። ቀለሙን በስፓቱላ፣ ጠንክሮ እስከተያዘበት ድረስ ተከትዬ አነሳሁት። ከዚያ 80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ 120፣ ጠርዙን በ180። ሞተሩ የቆየ ስለሆነና የድሮ ፕራይመሮች (ከቀለም በፊት የሚቀቡ መነሻ ቀለሞች) ካንሰር የሚያመጣ ክሮሜት ሊኖርባቸው ስለሚችል ውሃ እያደረግኩ ነው የፈገፈግኩት፣ ጥሩ ማስክም አድርጌ።

አድካሚው ነገር ትንንሾቹ ጉድጓዶች ናቸው። ዱቄቱ እዚያ ውስጥ ይደበቃል። አቼቶ እየነከርኩ በጥርስ ብሩሽ ፈለቀቅኳቸው፣ የሚያብለጨልጭ ብረት እስኪታይ፣ ከዚያ በብዙ ውሃ አጠብኩ። የምድጃ ማጽጃ ፈጣን ነው የሚሉ አሉ። ውስጡ ኮስቲክ ሶዳ ያለበት ከሆነ ራሱን አልሙኒየሙን ይበላዋል፤ አትሞክሩት።

ሲደርቅ በአሴቶንና በንጹህ ጨርቅ ጠረግኩት። ከዚያ ንጹህ ውሃ አፈሰስኩበት። ውሃው ነጠብጣብ ከሠራ ቅባት አለ ማለት ነው፤ ሙሉ ሆኖ ከተነጠፈ ጸድቷል። አንድ ጥግ ላይ ነጠብጣብ አየሁና ደግሜ ጠረግኩ። በደንብ እንዳደረቅኩት ለነገ ሳልል የኢፖክሲ ፕራይመር ቀባሁት፣ ምክንያቱም የተራቆተ አልሙኒየም አየር እንደነካው ኦክሳይድ ይለብሳል። ጥልቅ ጉድጓዶቹን በኢፖክሲ ስቱኮ ሞላሁ። ቀለሙ ከዚያ በኋላ ቀላል ነበር።

አረምና ዛጎል ያላቸው ትንንሽ የባህር እንስሳት እንዳይለጠፉ የሚቀባ ቀለም ስትገዙ መዳብ ያለበትን አልሙኒየም ላይ እንዳታደርጉ። ሁለቱ ብረቶች ጨው ውሃ ውስጥ ሲገናኙ የሚበላው አልሙኒየሙ ነው። አኖዱን ደግሞ እንደየውሃው ነው የምትመርጡት፦ ለጨው ውሃ ዚንክ ወይም አልሙኒየም፣ ለድብልቅ ውሃ አልሙኒየም፣ ለንጹህ ሐይቅ ማግኒዚየም። እኔ የአልሙኒየሙን ወሰድኩ። የሚያርፍበትን ቦታ ቀለም አላስነካሁም፣ አኖዱንም አልቀባሁትም። ካሰርኩት በኋላ በመልቲሜትር ከሞተሩ አካል ጋር መገናኘቱን ለካሁ፤ ዜሮ ኦም አካባቢ አሳየኝ።