ባዶ እጅ

አገር ቤት ሳልገባ 11 ዓመት የቆየሁት ባዶ እጄን ላለመግባት ብዬ ነው። ወረቀቴ የተሟላ ነበር፤ የቲኬቱንም ገንዘብ እንደምንም አጠራቅም ነበር። ግን ለአክስት፣ ለጎረቤት፣ ለክርስትና ልጅ የሚሆን ሁለት ሻንጣ ሳልሞላ፣ የእናቴን ቤት ጣሪያ ሳላሳድስ እንዴት አድርጌ ደሴን ልርገጥ? «ዘንድሮ አልሞላልኝም፣ ለከርሞ» እያልኩ ዓመት በዓመት ላይ ደረብኩ። በስደት የኖረ ሰው ይህን ስሌት ያውቀዋል።

ደሴ ሳለሁ የሒሳብ መምህር ነበርኩ። ዋሽንግተን ከገባሁ ጀምሮ የምሠራው ፓርኪንግ ነው። ሥራው ልጆቼን አሳድጎልኛል፣ አላማርረውም። የከበደኝ ንዴቱ ነው። «ቲቸር» እየተባልክ፣ ክፍል ስትገባ ሃምሳ ተማሪ ከመቀመጫው ብድግ ሲልልህ ኖረህ፣ አንድ ሌሊት ቁልፍ በመስኮት ሲወረወርልህ ውስጥህ የሚነሣውን ነገር የት ታደርገዋለህ? እኔ አንድ ጊዜ ባልደረባዬ ላይ አወጣሁት፤ ተያያዝን፣ ሁለታችንም ከሥራ ተባረርን። ሌላ ጊዜ ደግሞ ቤት ይዤው ገባሁ። እሱን ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ካራቴ የጀመርኩት ልጄን ሳመላልስ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ አንድ ምድር ቤት አዳራሽ፣ በሳምንት ሁለት ቀን። አሠልጣኙ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። ስድስት ወር ግድግዳ ሥር ተቀምጬ ስጠብቅ አይተው አንድ ቀን «ጫማህን አውልቅ» አሉኝ። 41 ዓመቴ ነበር።

ሰልፉ የሚያዘው በቀበቶ ነው፣ በዕድሜ አይደለም። ስለዚህ ነጭ ቀበቶዬን አስሬ ከሁሉም መጨረሻ ቆምኩ፤ ከፊቴ አረንጓዴ ቀበቶ የታጠቀች የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለች። አሠልጣኙ እንድታሳየኝ ላኳት። አጎንብሳ እግሬን በእጇ ይዛ አስተካከለችው፣ ጉልበቴን ወደ ፊት ገፋ አደረገችው፣ ከዚያ ቀና ብላ እጅ ነሣችኝ። እኔም ለእሷ እጅ ነሣሁ። እንደ እኛ አገር ወግ ታናሽ ነው ለታላቅ ዝቅ የሚለው፤ የዚያን ዕለት ያደረግሁት ቀላል ነገር አልነበረም።

በነገራችን ላይ ይህ እጅ መንሣት መጀመሪያ አሳስቦኝ ነበር። ግድግዳው ላይ የአንድ ሽማግሌ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ትምህርት ሲጀመርና ሲያልቅ ተንበርክከን ወደዚያ ዝቅ እንላለን። ስግደት ይሆን ብዬ የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። «ለአባትህ እጅ አልነሣህም ነበር?» ብለው መለሱልኝ። በቃኝ።

የፎቶው ባለቤት ጊቺን ፉናኮሺ ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1868 ኦኪናዋ ደሴት፣ ሹሪ ከተማ ተወለዱ። ሙያቸው መምህርነት ነበር። በ1922 ካራቴን ለማሳየት ወደ ቶኪዮ ሄዱ፤ ለአጭር ጊዜ ብለው የሄዱት እዚያው ቀሩ። ሚስታቸው ኦኪናዋ ነበሩ። የሚያስተምሩት ስለማያኖራቸው የኦኪናዋ ተማሪዎች ማደሪያ ውስጥ ዘበኛም፣ አትክልተኛም፣ ክፍል ጠራጊም ሆነው ሠሩ። ያኔ ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፎ ነበር። ይህን ታሪክ አሠልጣኙ ሲነግሩን አንገቴን ደፍቼ ቀበቶዬን የማጠብቅ መሰልኩ። መምህር የነበረ፣ ከአገሩ ወጥቶ የሰው በር የሚጠብቅ። እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ስሙንም ያኔ ነው ያወቅሁት። «ቴ» እጅ ማለት ነው። «ካራ» ድሮ የሚጻፈው ቻይናን በሚያመለክት ምልክት ነበር፤ በ1930ዎቹ ፉናኮሺና ሌሎች መምህራን ድምፁን ሳይነኩ «ባዶ» በሚል ምልክት ተኩት። ካራቴ፣ ባዶ እጅ። እኔ 11 ዓመት የሸሸሁትን ቃል እነዚያ ሰዎች መርጠው ለሙያቸው ስም አድርገውታል። መሣሪያ ያልያዘ እጅ ለማለት ነው፤ ፉናኮሺ ደግሞ ከራስ ወዳድነትና ከክፋት የጸዳ ልብ ማለትም ነው ብለው ጽፈዋል። ሌሊት ሥራ ላይ መኪና ሳይመጣ ሲቀር መዳፌን ዘርግቼ አየው ጀመር።

ካታ ማለት በቅደም ተከተል ተደርድሮ ብቻህን የምትሠራው እንቅስቃሴ ነው። የመጀመሪያው ካታ ሄያን ሾዳን ይባላል፤ 21 እንቅስቃሴ አለው። የሚጀምረው በመከላከል ነው፣ የሚያልቀውም በመከላከል። «በካራቴ ቀድሞ መምታት የለም» የሚለውን የፉናኮሺን ቃል እግርህ ሳትናገር ያጠናዋል። ሁለት ዓመት ያህል ይህንኑ ደጋገምኩት።

ከዚያ አንድ ሌሊት ትኬቱን የጣለ ደንበኛ የሙሉ ቀን ክፍያ ስጠይቀው ሰደበኝ፣ «ወደ አገርህ ሂድ» አለኝ፣ ደረቴን በሁለት እጁ ገፋኝ። ግራ እግሬ በራሱ ወደ ኋላ ሄደ፣ እጆቼ ተከፍተው ወደ ፊት ወጡ። አልመታሁትም። የት እንደምመታው ግን አውቅ ነበር፤ ከዚያ በፊት ከማንም ጋር ስጣላ ይህን አውቄ አላውቅም። ኃላፊው እስኪመጣ እንደዚያው ቆሜ ጠበቅሁ። ሰውዬው ሲሄድ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፣ ዳስ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ቤት ስገባ ግን ልጆቼ ላይ አልጮህኩም። ሚስቴ «ዛሬ ደህና ዋልክ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ።

በዚያው ወር ቲኬት ቆረጥኩ። ለጥምቀት። በአንድ ሻንጣ፣ እሱም ግማሹ የእናቴ መድኃኒትና መነጽር። ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ስወርድ ሆዴ ታወከ፤ የበሩን ቆርቆሮ ሳንኳኳም እንደዚያው። ጣሪያው አሁንም አልታደሰም።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ በርጩማዋን ደጅ አውጥታ ፀሐይ ስትሞቅ «ያ በስልክ የምትለኝ ድብድብ ምንድን ነው? እስቲ አሳየኝ» አለችኝ። ጫማዬን አወለቅሁ። የደሴ ጠዋት የግቢውን ድንጋይ በረዶ አድርጎታል። እጅ ነሥቼ ጀመርኩ፣ 21ዱን ጨርሼ ስጀምር የቆምኩበት ድንጋይ ላይ ተመለስኩ፣ እጅ ነሣሁ።

እናቴ ለእሷ መስሏት ከበርጩማዋ ብድግ አለች። «ኧረ በሞቴ፣ ቀና በል! ተባረክ» እያለች። እኔም ቶሎ ቀና አላልኩም።