ሐሙስ 10 ሰዓት

የመጀመሪያውን ንግግር ሊሰሙ የመጡት 9 ሰዎች ነበሩ። ከ9ኙ 5ቱ የራሴ ተማሪዎች ናቸው። አንዱ አዳራሹን ሊዘጋ የሚጠብቅ ሠራተኛ ነው። አዳራሹ 200 ሰው ይይዛል። የንግግሩ ርዕስ ሜታዳታ፣ ማለትም ስለ መረጃ የሚመዘገብ መረጃ፣ ነበር። ስላይዱ ሙሉ በሙሉ እንግሊዝኛ፣ ንግግሩ ደግሞ ግማሽ በግማሽ። ያን ማታ ራት ሳልበላ ተኛሁ።

ይህ ከጥቂት ዓመት በፊት ነው። ወሎ ውስጥ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ኢንፎርሜሽን ሳይንስ አስተምራለሁ። በየወሩ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ንግግር እናዘጋጅ የሚለውን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሙያችን በአገራችን ገና ወጣት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢንፎርሜሽን ትምህርት ቤት እንኳ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ዛሬም ሥራዬን ስናገር ብዙ ሰው የኮምፒውተር ጥገና ይመስለዋል። ስልኩን አውጥቶ "እስኪ ይቺን እዪልኝ" ይለኛል። እኔ ግን ሰው መረጃውን እንዴት እንደሚያኖር፣ እንዴት እንደሚፈልግ፣ ማን እንደሚያይበት ማውራት ነበር የፈለግሁት። ይህ ደግሞ የግቢ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ከዚያ ባዶ አዳራሽ በኋላ መጀመሪያ ያረምኩት ቀኑን ነው። የመረጥኩት ዓርብ 7 ሰዓት ነበር፤ ምክንያቱም ክፍል የለም። ለእኛ ክፍል የለም፣ ለከተማው ግን ጁምዓ ነው። ሰኞ ደግሞ የባቲ ገበያ አለ። በዐቢይ ጾም ከሰዓት በኋላ ቅዳሴ አለ። በረመዳን ወደ ማፍጠሪያው ሲቃረብ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ይቸኩላል። ተማሪዎቼን ሰብስቤ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እያለ፣ ቀን መቁጠሪያውን ዘርግተን አንድ በአንድ አየነው። ሐሙስ 10 ሰዓት ላይ ቆምን። ዐሱር ይሰገዳል፣ ከመግሪብ በፊት ያልቃል። በረመዳን ጭራሽ አናዘጋጅም። እስካሁን አልቀየርነውም።

ሁለተኛው ቡና ነው። የወሎን ሰው መሰብሰብን ማንም አያስተምረውም። ሐድራ ላይ፣ የሙስሊሙ የዱዓና የመንዙማ ስብስብ ላይ፣ ቡናው ይቀርባል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ከዚያ ነው ጨዋታው የሚመጣው። የማኅበሩም ነገር እንዲሁ ነው፤ ጸሎቱ ደርሶ ጠላው ሲቀዳ ነው አፍ የሚፈታው። እኛ ግን ሰውን ወንበር ላይ ደርድረን በቀጥታ ስላይድ እናበራለን። አሁን 9 ተኩል ላይ ጀበናው ይጣዳል። ከቡናው ጋር ቆሎ ይቀርባል፤ ቆሎ የጾም ምግብ ነው። ለቡናና ለቆሎ የሚወጣው ገንዘብ ለባነር ከምናወጣው ያንሳል። ባነሩን ከነጭራሹ ትተነዋል።

የግቢው በር ግን አስቸገረን። በአራተኛው ወር ስለ ፋይዳ መታወቂያና ስለ ግል መረጃ የሚናገር የሕግ ባለሙያ ጋብዘን፣ ወሬው በባጃጅ ሾፌሮች በኩል ከተማውን አዳርሶ ነበር። ያን ቀን በሩ ላይ የቆሙት ጥበቃዎች መታወቂያ የሌለውን ሁሉ መለሱ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለማንም አልነገርኩም፣ ደብዳቤም አልጻፍኩም። አንዲት እናት ከበሩ ተመልሰው ሲሄዱ ከሩቅ አየኋቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ለብሰው ነበር የመጡት። ሮጬ ደረስኩባቸው። "ግዴለም ልጄ፣ ለእኛ አይደለም መሰለኝ" አሉኝ። እጃቸውን ይዤ አስገባኋቸው። ከዚያ ወዲህ ለበሩ ከሦስት ቀን በፊት ደብዳቤ ይሄዳል፣ ሁለት ተማሪዎችም እንግዳ ለመቀበል በሩ ላይ ይቆማሉ። ለሕዝብ ክፍት ነው ብሎ መለጠፍ አንድ ነገር ነው፤ ሰውየው በሩን አልፎ ወንበር ላይ እስኪቀመጥ ድረስ ግን ክፍት አይባልም።

ጥያቄ የመቀበያ መንገዳችንን የለወጡትም እኚሁ እናት ናቸው። ባለሙያው 40 ደቂቃ ያህል ስለ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 እና ስለ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አስረዳ። አንዱ ስለ ዲጂታል መታወቂያ፣ ሌላው ስለ ግል መረጃ ጥበቃ ነው። ጥሩ ነበር። ማይክራፎኑ ሲዞር ግን የያዙት ሁልጊዜ የሚናገሩት ሰዎች ናቸው፤ ጥያቄያቸውም ጥያቄ ሳይሆን ሌላ ንግግር ነበር። እናትየው አጠገባቸው ላለችው ተማሪዬ በጆሮዋ ነገሯት፣ እሷም በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። "የመታወቂያዬ ፎቶ ልጄ ስልክ ላይ አለ። ስልኩ ቢሰረቅ ምን እሆናለሁ?"

አዳራሹ ጸጥ አለ። ሁሉም ሰው ኪሱን የዳበሰ ይመስለኛል። ባለሙያው ወረቀቱን አስቀምጦ በቀላል አማርኛ ማስረዳት ጀመረ። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል፤ አሻራና የዓይን ብሌን ግን አይቀየርም። ስለዚህ ማን ምን እንደሚወስድብን፣ ለምን እንደሚወስድና የት እንደሚያኖረው መጠየቅ መብታችን ነው። ፎቶውን ለማያውቁት ሰው በቴሌግራም መላክ ደግሞ አደጋ አለው። ያ 10 ደቂቃ ከ40ው ይበልጥ ነበር። አሁን ቡናው ላይ እያሉ ለሁሉም ቁራጭ ወረቀትና እስክሪብቶ እናድላለን። መጻፍ ለማይችል ተማሪዎች ይጽፉለታል። ተናጋሪው ከመጀመሩ በፊት ከእነዚህ 5 ጥያቄ ያነባል። ማይክራፎን አናዞርም።

ቁራጭ ወረቀቱ ሌላም ሥራ ሠራልን። ስለ አማርኛ ፍለጋ የተናገርኩት እኔ ራሴ ነበርኩ። ሰውን ሁሉ "ፀሐይ የሚለውን ቃል ጻፉልኝ" አልኩ። ሰብስቤ ሰሌዳ ላይ ገለበጥኩት፤ ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሀይ፣ ፀሃይ፣ ጸሃይ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን በአንድ ዓይነት መለያ በሚያነቡበት ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ሶፍትዌር የራሱ ፎንት ስለነበረው አንዱ ቢሮ የጻፈው ሌላው ጋ ሲከፈት ዝብርቅርቁ ይወጣ ነበር። ያ ተፈቷል። ለኮምፒውተሩ ግን ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ በአንዱ የፈለገ በሌላው የተጻፈውን አያገኝም። ስለዚህ የቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ሲሠራ ፊደላቱን አንድ እናድርጋቸው ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ።

ከሐይቅ የመጡ አንድ መሪጌታ እጃቸውን አወጡ። "ፀሐይ ሠረቀ ስንል ወጣች ነው። ሌባ ሰረቀ ስንል ሌላ ነው። አንቺ አንድ ልታደርጊያቸው ነው?" በግዕዙ ትክክል ናቸው፤ ንጉሡ ሠ እና እሳቱ ሰ ትርጉም ይለያሉ። እሳቸው ያደጉት ሐይቅ እስጢፋኖስ አካባቢ ነው፤ የ13ኛው ክፍለ ዘመን የኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ባለበት ገዳም። እዚያው ቆመን ተነጋገርን። መጨረሻ የደረስንበት ይህ ነው፤ ፍለጋው ሁሉንም ያምጣ፣ ካታሎጉ ግን ጸሐፊው እንደጻፈው ያስቀምጥ። ተማሪዎቼ የመመረቂያ ሥራቸውን የሠሩት በዚህ ነው።

ካለፉት ሁሉ የማልረሳው ስለ ዐጀሚ ያደረግነውን ነው። እዚህ ዐጀሚ የምንለው በዐረብ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነው፤ ወሎ ውስጥ መንዙማው የተጻፈው በዚህ ነው። ዐረብኛ እንደ ጨ እና ኘ ላሉት ድምፆች ፊደል የለውም። ስለዚህ ተናጋሪው የድሮ ጸሐፊዎች ይህን እንዴት እንደተወጡት ከአንድ ቅጂ ላይ በፕሮጀክተር እያሳየ ነበር። መሐል ላይ መብራት ጠፋ። አዳራሹ ጨለመ። ሰው ስልኩን ማብራት ጀመረ።

ከፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት ሸህ፣ ዕድሜያቸው ከ80 የማያንስ፣ ስክሪኑ ላይ ተቋርጦ የቀረውን ስንኝ ከቆመበት ቀጠሉት። በቃላቸው። ድምፃቸው ቀጭን ነው፣ ግን አይሰበርም። ቀኝ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ምቱን ይይዛል። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ከኋላ ያሉት መቀበል ጀመሩ። መሪጌታውም እዚያው ነበሩ፤ እሳቸውም በእጃቸው ይመቱ ነበር። መብራቱ ሲመጣ ማንም ወደ ስክሪኑ አልዞረም።

ሲጨርሱ ሸሁ ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ ያነሳችሁት ወረቀቱን ነው። ዜማውስ የታለ?"

ቅጂዎችን የምንመዘግብበት ቅጽ ላይ የደራሲ ስም፣ ዘመን፣ የገጽ ብዛት፣ የቀለሙ ዓይነት አለ። ማን በቃሉ እንደሚያውቀው፣ በምን ዜማ እንደሚባል፣ ከማን እንደተማረው የሚጠይቅ መስመር አልነበረም። ያን ሳምንት ሦስቱንም ጨመርን። እያንዳንዱን ንግግርም በድምፅ መቅዳት ጀመርን፤ ከመቅዳታችን በፊት ግን ተናጋሪውንም ጠያቂውንም ፈቃዱን እንጠይቃለን። ቪዲዮ ትተናል። ፋይሉ ይከብዳል፣ ሰውም ካሜራ ሲያይ ይቆጠባል።

አሁን አዳራሹ ይሞላል ማለት አልችልም። አንዳንድ ወር 40 ሰው፣ አንዳንድ ወር ከዚያ በላይ ይመጣል። በክረምት ዝናቡ ሲበረታ ይቀንሳል። የሚቀጥለው ወር ርዕስ መንዙማ ነው፤ በዚህኛው ቀን ፕሮጀክተር አንከፍትም። ትናንት ለሸሁ ደወልኩላቸው። "ዐሱርን ሰግጄ እመጣለሁ፤ ልጁንም ይዤ እመጣለሁ፣ እሱም ጀምሯል" አሉኝ። ወንበሩን ከፊት አስቀምጬላቸዋለሁ፤ ሁለት ወንበር።