እርሾው፣ ማሰሻው፣ ወንፊቱ፦ ሴሊያክ ጤፍ በሚበላ ቤት

ሐኪም «ሴሊያክ ነው» ብሎ ከቤተሰቡ አንዱን ሰው ከስንዴ ሲለይ፣ አበሻ ቤት ውስጥ ቀድሞ የሚሰማው ማጽናኛ «ጤፍ እያለ ምን ችግር አለ?» የሚል ነው። ጤፍ በሽታውን የሚቀሰቅሰው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን የለውም፤ እውነት ነው። ችግሩ ያለው ጤፉ በሚያልፍበት እጅና ዕቃ ላይ ነው።

በመጠን እንጀምር። ሴሊያክ ያለበት ሰው ግሉተን ሲበላ የገዛ ሰውነቱ መከላከያ ትንሹን አንጀት ያጠቃል። ምግብ የሚመጥጠው የአንጀቱ ሽፋን እየሳሳ ይሄድና ብረቱም ካልሲየሙም ሳይመጠጥ ያልፋል። ግሉተን የሚገኘው በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው የፈረንጅ እህል ውስጥ ነው። በአሜሪካም በአውሮፓም «ከግሉተን ነፃ» ተብሎ የሚሸጥ ምግብ በኪሎ ከ20 ሚሊ ግራም በላይ ግሉተን ሊኖረው አይፈቀድም። ብዙ ሕመምተኛ በቀን እስከ 10 ሚሊ ግራም ገደማ ይችላል ተብሎ ይታሰባል። አንድ ግራም የስንዴ ዱቄት ግን ብቻውን ወደ 80 ሚሊ ግራም ግሉተን አለው፤ በሁለት ጣት የተቆነጠረ ዱቄት ገደቡን ያልፋል ማለት ነው። «ትንሽ ቢነካው ምን ይሆናል» ለሚሉ አክስቶች ይህን ቁጥር ንገሯቸው።

ጤፉን በዱቄቱ ሳይሆን በፍሬው ግዙ። አንድ አውድማ ላይ ገብስም ጤፍም ሊወቃ ይችላል፣ ጆንያውም ሊዋዋስ ይችላል። የጤፍ ፍሬ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ በጥሩ ወንፊት ሲነፋ ጤፉ ወርዶ ገብሱና ስንዴው ላይ ይቀራል። አንዴ ከተፈጨ በኋላ ግን የሚለየው ነገር የለም። (ሰርገኛ ጤፍ ማለት ነጭና ቀይ ጤፍ የተቀላቀለበት ነው እንጂ ስንዴ ያለበት አይደለም፤ በስሙ የሚሸሹት አሉ።) ወፍጮ ቤት ሲኬድ ስንዴና ገብስ የማይፈጭበትን ድንጋይ መምረጥ ነው። ከሌለ በጠዋት ወፍጮው ከተጠረገ በኋላ ቀድሞ ማስፈጨት፣ መጀመሪያ የወረደውን አንድ ሁለት ኪሎ ደግሞ ለሌላው ቤተሰብ መለየት ይሻላል። ይህ አደጋውን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ሽሮና በርበሬም እንደዚሁ ናቸው፤ ሽምብራው ንጹሕ ሆኖ ወፍጮው ያቆሽሸዋል።

እርሾው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። ከጎረቤት የመጣ እርሾ የጎረቤትን ገብስ ይዞ ይመጣል፣ መፍላቱም ግሉተኑን አያጠፋውም። ስለዚህ ከዜሮ መጀመር ያስፈልጋል፦ አንድ ኩባያ የጤፍ ዱቄት በአንድ ኩባያ ተኩል ለብ ያለ ውሃ በጥብጦ፣ ሸፍኖ ሞቅ ያለ ቦታ ማኖር። ከ3 እስከ 5 ቀን ውስጥ አረፋ ያወጣና ይኮመጥጣል። ሮዝ ወይም ጥቁር ሻጋታ ካበቀለ ይደፋል። ከዚያ 1 ኪሎ ዱቄት ከ1 ሊትር ትንሽ በለጥ ባለ ውሃ ይቦካና እርሾው ይጨመርበታል፤ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፣ ብርድ አገር ከዚያም ይበልጣል። ላዩ ላይ ያቀረረው ውሃ ሲቀዳ ለሚቀጥለው እርሾ የሚሆን ይቀመጣል። ለአብሲቱ አንድ ብርጭቆ ሊጥ በሦስት ብርጭቆ ውሃ እያማሰሉ እስኪወፍር ማፍላት፣ ከዚያ ለብ እስኪል ማቀዝቀዝ ነው። ትኩሱ ሊጡ ላይ ከተገለበጠ እርሾውን ይገድለውና እንጀራው ዓይን አያወጣም። ንጹሕ የጤፍ እንጀራ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ያኔ «ትንሽ ስንዴ ጣል ቢደረግበት» የሚል ምክር መምጣቱ አይቀርም፤ መፍትሔው አብሲቱን ማብዛት ነው።

ከዕቃዎቹ ሁሉ እኔ የምፈራው ማሰሻውን ነው። ዳቦና ቂጣ የተጋገረበትን ምጣድ የጠረገ ጨርቅ ጎመን ዘር ይዞ ሁሉንም ያዳርሳል። የሸክላ ምጣድ በሳሙና ስለማይታጠብ ለሕመምተኛው የራሱ ቢኖረው ይመረጣል። ወንፊት፣ ሰፌድና መሶብ በስፌታቸው መካከል ዱቄት ይይዛሉና በማጠብ አይጸዱም፤ አዲስ ገዝቶ ቀይ ክር ማሰር ነው። የብረትና የብርጭቆ ዕቃ በሳሙና ከታጠበ ይበቃል፣ እሱን መለየት ድካም ብቻ ነው።

አብሮ መብላት ይቀራል ማለት አይደለም። ቤቱ በሙሉ አንድ ንጹሕ እንጀራ ከበላ መሶቡም ጉርሻውም እንዳለ ይቀጥላል፤ ከሁሉ የምመርጠውም ይህን ነው። ገንዘቡ ካልፈቀደ ሕመምተኛው በራሱ ትሪ ይበላል፣ ወጡም ከድስቱ ቀድሞ ይወጣለታል። ዳቦ በቆረሰ እጅ የመጣ ጉርሻ ግን፣ ከእናትም ቢመጣ፣ አይበላም። በሶ፣ የገብስ ቆሎ፣ ቅንጬ፣ የስንዴ ጨጨብሳ፣ ድፎ ዳቦ፣ ቢራና ጠላ ይቀራሉ፤ የጠላው ብቅልም ገብስ ነው። ቆጮ፣ ቡላ፣ ፈንዲሻ፣ የበቆሎ ቂጣ፣ ከማርና ከጌሾ ብቻ የተጣለ ጠጅ ይቻላሉ። ውጭ አገር እንጀራ ስትገዙ «ጤፍ ነው?» ብሎ ጠይቆ መመለስ አይበቃም፤ ሌላ ምን ዱቄት ገባበት፣ እርሾው ከምን መጣ፣ ምጣዱ ላይ ሌላ ምን ይጋገራል ብላችሁ ጠይቁ። ለሚቆርቡም፣ ኅብስቱ ስንዴ ስለሆነ ነገሩን ለንስሐ አባት አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

አሁን ደግሞ «ከቤቱ የታመመው ብቸኛው እሱ ነው» ስለሚባለው። ሴሊያክ በዘር የሚተላለፍ ዝንባሌ አለው። ከሕመምተኛው ወላጆች፣ ወንድምና እህቶች፣ ልጆች መካከል ከ10 ሰው አንዱ ገደማ በሽታው ይኖረዋል፤ ብዙውም ምንም ሳይሰማው ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ደም ማነሱ ለወስፋት፣ መነፋቱ ለጨጓራ፣ ተቅማጡ ለአሜባ እየተሰጠ ዓመታት ያልፋሉ። ስለዚህ ከቤቱ ብቸኛው የተባለው ሰው አንዳንዴ ብቸኛው የተመረመረ ሰው ነው።

እዚህ ላይ ፍቅር የሚያበላሸው ነገር አለ። ቤተሰቡ ለታመመው አዝኖ አብሮ ስንዴ ያቆማል፣ ከወራት በኋላ ይመረመራል፣ ውጤቱ ንጹሕ ይመጣል። ምርመራው የሚፈልገው ሰውነት ለግሉተን የሚያመርተውን ፀረ እንግዳ አካል ስለሆነ፣ ግሉተን ከቆመ ቁጥሩ ይወርዳል። ቅደም ተከተሉ መመርመር ከዚያ ማቆም ነው። ያቆመ ሰው ሐኪሙን አማክሮ ቢያንስ ለ6 ሳምንት በየቀኑ ከአንድ ማዕድ በላይ ስንዴ ወይም ገብስ ይበላል። ድሮም ከንጹሕ ጤፍ እንጀራ በቀር ብዙም ለማይበላ ሰው ይኸው ያገለግላል። የደም ምርመራው ቲቲጂ አይጂኤ ይባላል፤ አይጂኤ አንዱ የፀረ እንግዳ አካል ዓይነት ነው። አብሮት ጠቅላላ አይጂኤ ካልታየ፣ አይጂኤ በተፈጥሮው የሚያንሰው ሰው በሐሰት ነፃ ይባላል። ደሙ ካሳየ አዋቂ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ) ከትንሹ አንጀት ናሙና ይወሰድለታል። ዛሬ ነፃ የተባለ ልጅ በኋላ ሊይዘው ስለሚችል፣ ምልክት ሲመጣ ምርመራው ይደገማል።

ሕመምተኛው ራሱ በ6 ወርና በዓመቱ ደሙን ያሳያል፤ ብረት፣ ቢ12፣ ፎሌትና ቫይታሚን ዲ አብረው ይታያሉ። የፀረ እንግዳ አካሉ ቁጥር ቀስ ብሎ ሊወርድ ይችላል፤ ጨርሶ ካልወረደ ግን ከሆነ ቦታ ግሉተን እየገባ ነው ብሎ መፈለግ ነው። ማሰሻውን፣ እርሾው የመጣበትን ቤት፣ የሽሮውን ወፍጮ፣ በመጨረሻም ዳቦ የተቀባበት ማንኪያ ተመልሶ የሚገባበትን የማር ዕቃ እዩ።