ወርክሾፕ ውስጥ መብራት ስታስገቡ ፌሮውን አትመኑ

አዳማ ውስጥ ከመኖሪያ ቤቴ ጀርባ የብየዳ ወርክሾፕ ሠርቼ ከዋናው ማከፋፈያ ሳጥን መብራት ሳብኩ። ቦዩ ተቆፈረ፣ ቱቦው ተቀበረ፣ ኬብሉ አለፈ። ኬብል ስትገዙ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ጫፉን በቢላዋ ፋቁት፤ ከላይ መዳብ መስሎ ውስጡ ከነጣ አሉሚኒየም ነውና ለሻጩ መልሱለት።

ያናደደኝ ኧርዙ ነው፤ ወደ ብረት ያመለጠውን ኤሌክትሪክ የሚያስወጣው የመከላከያ መስመር ማለት ነው። ባለሙያው ቁራጭ ፌሮ መሬት ውስጥ ቀጥቅጦ አስገባ። በወርክሾፑ ሳጥን ውስጥ ደግሞ ኒውትራሉን (የኤሌክትሪኩን መመለሻ ገመድ) እና ኧርዙን በአጭር ሽቦ አገናኛቸው። ለምን ብዬ ብጠይቀው «ያው አንድ ናቸው ጋሼ» አለኝ። ከዋናው ሳጥን የኧርዝ ገመድ አይመጣም ወይ ስለው «ፌሮው ይበቃል» ብሎ ዕቃውን ሰበሰበ። ለቁጥጥር የመጣው ሰውም ፌሮውን ቆሞ አየና «ኧርዝ አለው» ብሎ ፈረመ። ሳጥኑን እንኳ አልከፈተም!

ከሰነባበተ በኋላ ረዳቴ የሳጥኑን በር ሲነካ ነዘረው። ቴስተር ይዤ ስዞር ሞርሳው ላይም፣ የብረት መደርደሪያው ላይም ይበራል። ለካ ዋናው ሳጥን ላይ የኒውትራሉ ብሎን ላልቷል፤ መመለሻ ያጣው ኤሌክትሪክ በዚያች አጭር ሽቦ አልፎ ብረቱን ሁሉ ይዞታል። ብሬከሩ ግን ንቅንቅ አላለም።

ሊወርድም አይችልም። የአዳማ አፈር በበጋ ድርቅ ይላል፤ የእኛ ሰፈር ደግሞ ሲቆፈር ፑሚስ (ባለቀዳዳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ነው፤ እንዲህ ያለ ደረቅ መሬት ኤሌክትሪክ በደንብ አያሳልፍም። መለኪያ ተውሼ ፌሮውን ስለካው ከ100 ኦም በላይ አሳየኝ። 220 ቮልት ለ100 ሲካፈል 2.2 አምፔር ነው። ለ32 አምፔር ብሬከር ይህ አንዲት ትንሽ ግራይንደር እንደተነሣች ያህል ነው። ጨውና ከሰል ጨምርበት ያሉኝም ነበሩ፤ ጨውን ዝናብ ያጥበዋል፣ እስኪያጥበው ድረስ ደግሞ ብረቱን ይበላዋል።

ሽቦዋን አስነቀልኩ። ኒውትራልና ኧርዝ መገናኘት ካለባቸው ዋናው መግቢያ ላይ ብቻ ነው። ወርክሾፑ ውስጥ ለየብቻ ይታሰራሉ፤ የኧርዙ ማሰሪያ ከሳጥኑ ብረት ጋር ይያያዛል፣ የኒውትራሉ ፈጽሞ አይነካውም። ከዋናው ሳጥን አረንጓዴና ቢጫ ገመድ ጎትቼ አመጣሁ፤ በፌሮው ፋንታ ረጅም የመዳብ ዘንግ ተተከለ። ከሁሉ በላይ የምተማመነው ግን በአርሲዲ ነው፤ ኤሌክትሪክ ከመስመሩ ሲያመልጥ በ30 ሚሊ አምፔር ወርዶ መብራቱን የሚቆርጥ መሣሪያ ነው። ገንዘብ ካጠራችሁ ሌላውን ቀንሱና እሱን ግዙ።

ጎረቤቴ ዝናብ በመጣ ቁጥር ይወርድብኛል ብሎ የራሱን አርሲዲ አስነቅሏል። የእኔም ወርዶ ነበር፤ ብፈልግ የውጭው ሶኬት ውሃ ቋጥሮ አገኘሁት።